የራስሽ አርባ ሁለት

ውድ ዳርቱ፣

ዛሬ እንጦጦ ራጉኤል አስቀድሼ ስመለስ በእናንተ ሰፈር በኩል ወረድኩ። በራችሁ ተቆልፏል። ጎረቤታችሁ ወይዘሮ በለጡ፣ ከእናትሽ አርባ በኋላ ሱሉልታ አክስትሽ ዘንድ መሄድሽን ነገሩኝ። ስልክሽ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እሳቸው ያደርሱልሻል።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለን እናትሽ ኩላሊታቸውን ታመው እጥበት ሲጀምሩ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያዝሽ። የቤት ሥራሽንና ቤት ወስደን የምንሠራውን ፈተና ሁሉ ስልክሽ ላይ ያለው ኤአይ ይሠራልሽ ጀመር። ማን ይፈርድብሻል? ውጤትሽ ከሁላችንም በለጠ፤ ሰልፍ ላይ ተጨበጨበልሽ። አንቺ ግን ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ተውሽ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ የፊዚክስ መምህራችን ዘመንፈስቅዱስ አንድ ቀን ከክፍል በኋላ አስቀረሽ። እኔ በር ላይ እየጠበቅኩሽ ነበር። የሠራሽውን ዘርግቶ፣ እዚህ ጋ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው ብሎ ጠየቀሽ። ወረቀቱን ደግመሽ አነበብሽና መልሰሽ ሰጠሽው። እሱ ግን አልተቆጣሽም። ስልክሽን አስወጥቶ አጠገብሽ ተቀመጠ።

«ኤአዩን መልሱን ንገረኝ አትበዪው» አለሽ። «መጀመሪያ የመሰለሽን ራስሽ ጻፊ። ከዚያ የት ጋ እንደተሳሳትሽ፣ መልሱን ሳይነግርሽ፣ በጥያቄ ይምራሽ። የሚልሽንም ከመጽሐፉ ጋር አስተያዪው፤ እሱም ይሳሳታል።»

ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል አብሬሽ ስመጣ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለሽ ስትጽፊ፣ ስትሰርዢ፣ ከስልክሽ ጋር ስትከራከሪ አይሽ ነበር። በሚቀጥለው ፈተና ግን ራስሽ ሠርተሽ ከመቶ አርባ ሁለት አገኘሽና አለቀስሽ። መምህራችን ከቁጥሩ ሥር «ዳርቱ፣ አሁን ገና አገኘሁሽ» ብሎ ጽፎልሽ ነበር።

ጊዜው አልበቃሽም። ብሔራዊ ፈተናው ደረሰ፤ ስልክ በማይገባበት ግቢ ውስጥ ስለ እናትሽ ምንም ሳትሰሚ ተፈተንሽ። ስንመለስ አውቶቡሱ መገናኛ አወረደን። አጎትሽ በዳዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። ከሩቅ አይተሻቸው ሻንጣሽን መሬት ላይ ስታስቀምጪ አጠገብሽ ነበርኩ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ለጥቂት መውደቅሽን ስንሰማ፣ ሁላችንም ጭንቀቱ ነው አልን። አንቺ ግን ለብቻችን ስንሆን፣ «ነፂ፣ እኔኮ አንድ ዓመት ሙሉ አልተማርኩም። ስልኬ ነው የተማረልኝ» አልሽኝ።

መምህራችን አሁን ሲግናል አካባቢ ባገኘው አንድ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ በድጋሚ የሚፈተኑትን ያስጠናል። ለአንቺ ያሳየሽን ነው ለሁሉም የሚያሳየው። እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ አግዘዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስም ሲጠራ አንቺንም ጠራ። ሱሉልታ መሆንሽን ያኔ አላውቅም ነበርና፣ የት እንዳለች አናውቅም አልኩት። ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጠራሽ።

ባትመጪ አልቀየምሽም፤ ሐዘንሽ ገና ነው። ብቻ ትናንትም ስምሽን ጠርቶ ትንሽ ጠበቀ። አቤት የሚል አልነበረም።

ያንቺው ነፃነት