«ጣዕም» የምትለዋ ቃል

…ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ ፊደሎቹን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ማን… ጎ» ብለው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው…

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሰላምታ መጀመር ነበረብኝ።

ለተከበሩ የታሸጉ መጠጦች ገላጭ ጽሑፍ አጽዳቂ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤና፣ በተለይም የእግርዎ ጤና፣ እንዲሰነብት ከመቐለ ከልብ እመኛለሁ።

ከላይ ጠርሙሱን እንደያዙ የተውኳቸው የባለቤቴ የፍሬወይኒ እናት፣ ኣደይ ኣኽበረት ናቸው። ስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪሙ ለስላሳና ጣፋጭ ከልክሎ ፍራፍሬን በልኩ ፈቀደላቸው፤ እሳቸውም ታዘዙ። ሻዩን ያለ ስኳር ለመዱት። ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣምና፣ የመጣው ሁሉ ከሮማናት አደባባይ ሱቆች ያንን ቢጫ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ለታመመ ሰው ፍሬ ይወሰዳል።

አቤቱታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጠርሙሱ ላይ ለሁለት የተከፈለ፣ ጤዛ ያረፈበት ማንጎ ተስሏል። ሠዓሊው ማንጎ አይቶ ያውቃል፤ መጠጡ ግን አላየም። በጀርባው፣ ጉንዳን በምታነበው ፊደል፣ ውሃ፣ ስኳር፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ቀለም፣ የማንጎ ጣዕም፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነገር ይላል። ውሃው በመካተቱ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ በሰፈራችን ቧንቧ እሱም ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ጠፋብኝ። የምጽፈው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው።

ሦስተኛ፤ ፊት ለፊት በትልቁ «ማንጎ»፣ ከሥሩ ቀጠን ብሎ «ጣዕም» ተጽፏል። እርስዎ ቃሉን ሲያጸድቁ «ማንጎ የለበትም፤ ጣዕሙ ብቻ ነው» ማለትዎ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ኣደይ ኣኽበረት ግን ያነበቡት በትግርኛ ነው። በቋንቋቸው ጥዑም ማለት የሚጣፍጥ ማለት ነውና፣ ማስጠንቀቂያውን ሙገሳ አድርገው ወሰዱት። ፍሬወይኒ ተጠራጥራ ጠርሙሱን ልትወስድባቸው ብትሞክር እንደ ሕፃን አቀፉት።

«ማንጎ ጥዑም እዩ ይላል እኮ፤ ሐኪሙ ፍሬ ፈቅዷል። እናንተ ከሐኪም ትበልጣላችሁ?»

ሁለተኛው ትዝ አለኝ። የግራ እግራቸው ቁስል ነው። አልደርቅ አለ። ሐኪሙ ስኳሩ ከየት እንደሚመጣ ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ስኳር አፌ አልገባም ብለው ማሉ። የማሉት በእውነት ነው። ዛሬ ጠዋት እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንዲቆረጥ ተወስኗል።

እርስዎም አልዋሹም፤ ይህን በአደባባይ እመሰክራለሁ። ጣዕም ተባለ፣ ጣዕም ቀረበ። እያንዳንዱ ፊደል ትክክል ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ምንም የማልጠብቀውም ለዚህ ነው። በሁለት እውነተኞች መካከል የጠፋው አንድ እግር ብቻ ነው።

የአክብሮት ጣዕም ያለው ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣
ሕዝቅኤል በለጠ
መቐለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስሜን ጽፌ ሳልጨርስ ጎረቤታችን ጎደፋ ሊጠይቃቸው መጣ። በፌስታሉ ውስጥ ቢጫው ጠርሙስ አለ። ኣደይ ኣኽበረት በሚገፋው አልጋ ላይ ሆነው አዩት፤ ፈገግ አሉ። ስወጣ እጠጣዋለሁ፣ አስቀምጡልኝ አሉ። ነርሷ አልጋውን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገፋችው። በሩ ተዘጋ።