ቴዎፍሎስ ጠይቆ ነው የገባው

ቀን፦ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጭላ ውኃ ኖራ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዳባት

ጉዳዩ፦ በመጋቢት 11 ቃለ ጉባኤ በሟች ላይ የተጻፈው ጥፋት እንዲነሣና የእኔ የምስክርነት ፊርማ እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ያሕያ ጠይብ የፋብሪካው የጭስ ጋዝ መለኪያ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ይህን የምጽፈው ማንም አስገድዶኝ አይደለም።

1. መለኪያው ከጭስ መተላለፊያው በቀጭን ቱቦ ጋዝ ስቦ መርዙንና ኦክስጅኑን ያሳያል። የሚስበው አንድ ትንሽ ፓምፕ ነው። በፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ከተቀደደ የሚስበው የክፍላችንን አየር ይሆናል። ያን ጊዜ መተላለፊያው መርዝ ሞልቶት እንኳ ቁጥሩ ንጹሕ ነው ይላል።

2. መለዋወጫ ጎማ በጥቅምት ጠይቄ አልመጣም። በጥር ደባርቅ ከሚገኝ ጎሚስታ የመኪና የውስጥ ጎማ አምጥቼ፣ በልኩ ቆርጬ ገጠምሁ። ስቆርጥ ጫፉን የያዘልኝ ሟች ቴዎፍሎስ ወልደ ሩፋኤል ነበር። ፓምፑ ሠራ፤ ክቡርነትዎም በሠራተኛው ፊት አመሰገኑኝ። የጭሱ አሲድ እንዲህ ያለውን ጎማ እንደሚበላ አውቅ ነበር። ምስጋናው ጣፍጦኝ ዝም አልሁ።

3. ቴዎፍሎስ መተላለፊያው ውስጥ እየገባ ጥቀርሻ የሚጠርግ ሠራተኛ ነበር። ከመግባቱ በፊት አንዳችን ቱቦው ውስጥ እንተነፍሳለን፤ የኦክስጅኑ ቁጥር ካልወረደ ፓምፑ እየሳበ አይደለም ማለት ነው። ቱቦው ጎምዛዛ ውኃ ስለሚይዝ በረመዳን አፌ ላይ አላደርገውም፤ ቴዎፍሎስ በማይጾምበት ሰዓት ይነፋልኝ ነበር። ዘንድሮም ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ዋሉ። መጋቢት 9 ቀን ግን ገና በረፋዱ ቱቦውን ባቀብለው ሳቀ። ይቅርታ ይደረግልኝና ቃሉ እንዳለ ይኸው፦ «አንተ እስከ መግሪብ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሥራ አስኪያጁን ጥራቸውና ይንፉልን፤ እሳቸው እንደሁ ቁርስ በልተዋል።» እኔም ስቄ ቱቦውን መልሼ ሰካሁት።

ጾማችን ጥፋት የለበትም። ቱቦውን በጣት አፍኖ ፓምፑን መፈተን ይቻል ነበር፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ፓምፑን በእጄ ዳሰስሁት፣ አመታቱ ደህና መሰለኝ፣ ተውሁት።

4. ቴዎፍሎስ በመተላለፊያው በር ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ «ያሕያ፣ ልግባ?» አለ። ቁጥሩን አይቼ «ግባ» አልሁት። ገመድ ያዡ አሻግሬ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢጠራው መልስ አጣ። ጎትተን ስናወጣው ሞቷል። ከቀብር መልስ ፓምፑን ብቻዬን ከፈትሁት። ጎማው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

5. ቃለ ጉባኤው «ሟች የጋዙን መጠን ሳይጠይቅ በራሱ ቸልተኝነት ገብቶ» ይላል። ሦስተኛው ምስክር እኔ ነኝ። አንብቤ ነው የፈረምሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ፈራሁ።

6. ይኸው ቃል በደብዳቤ ደረስጌ ለሚኖሩት ለአባቱ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ደርሷቸዋል። በአርባው ዕለት ከአሻግሬ ጋር ሄድን። ለእኔ ለብቻዬ በሙስሊም እጅ ዶሮ አሳርደው ጠበቁኝ። ማዕዱ ሳይቀርብ መሪጌታ ተነሥተው «ልጄ በችኮላው ሥራችሁን አስተጓጎለ፣ እናንተንም አስደነገጠ። ስለ እሱ እኔ እለምናችኋለሁ፣ ማሩት» ብለው ለእኛ ለሠራተኞቹ እጅ ነሡ።

ኋላም እኔን ጠይቀው አጠገቤ ተቀመጡ። «ያሕያ አንተ ነህ? ‹ያሕያ ግባ ሳይለኝ አልገባም፣ አትሥጋ አባባ› ይለኝ ነበር። ምነው ልጄ፣ ያን ቀን ምን ነክቶት ሳይጠይቅህ ገባ?» አሉኝ።

ዶሮውን አልበላሁም። እሳቸው ግን ያዘንሁ መስሏቸው ትከሻዬን ይዘው አጽናኑኝ።

ስለዚህ፦

ሀ. በቃለ ጉባኤው የሰፈረው ቃል ተሰርዞ ሟች እንደጠየቀ፣ ግባ ያልሁትም እኔ እንደሆንሁ በስሜ እንዲጻፍ፤

ለ. ለመሪጌታ በማኅተም የተረጋገጠ አዲስ ደብዳቤ እንዲደርሳቸው፤

ሐ. ፓምፑን ፈትቼ ከነጎማው በዕቃ ሳጥኔ ቆልፌበታለሁ፤ ቁልፉ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በባለሙያ ፊት እንዲታይ፣ ትክክለኛው ጎማ መጥቶ እስኪገጠምም ማንም ሰው ወደ መተላለፊያው እንዳይገባ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በሕግ ከሚያስጠይቀኝ አልሸሽም። መሪጌታ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ልጄን ማሩት እያሉ እንዳይሞቱ ውሳኔው ይፋጠንልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ከአክብሮትና ከሐዘን ሰላምታ ጋር፣

ያሕያ ጠይብ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ ደረስጌ (ቅዳሜ በእጄ ይዤ ሄጄ የማነብላቸው)