ሃያ ያልተነኩ ታብሌቶችና የአቶ ገበያው ድምፅ

ለተከበሩ የብርሃነ ሜዳ የትምህርት መርጃ ማኅበር የንብረት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ወረታ

ባለፈው ሰኞ የታብሌቶቹ ሳጥን ማኅተም ለሦስተኛ ጊዜ ታድሷል።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ማኅተምዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ሁለቱ ባልደረቦቼ ተዛውረው ከሄዱ ወዲህ በሩዝ ማሳው መካከል ባለችው ትምህርት ቤት ከሳጥንዎ ጋር ደኅና ነን። ብዙም አንነጋገርም።

1. ለሰጡን ሃያ ታብሌቶች እናመሰግናለን። በጥቅምት ሦስት ሳምንት ተከፍተው ነበር። በክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቀው የስድስተኛ ክፍሏ ንግሥቲ፣ አባቷ አቶ ገበያው ጎርፍ መምጣቱን በምን እንደሚያውቁ ጠይቃ ድምፃቸውን በታብሌቱ ቀዳች፤ በራሷ ሥዕልም አጀበችው። የአንደኛ ክፍል ሕፃናት የሣለችውን ጉንዳን ሲነኩት እሳቸው ይናገራሉ፦ «ልጆቼ፣ ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ ካያችሁ ጥጃውን ፈታችሁ ተከተሉት፤ ከእናንተ ይበልጥ እሱ ተምሯል!» ሕፃናቱ እየሳቁ ደግመው ይነኩታል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የቀረ ተማሪ አልነበረም።

2. አንዱን ታብሌት ጭቃ ስለነካው ሁሉንም አሽገው፣ «አንድም ንብረት ያልተበላሸበት ትምህርት ቤት» የሚል የምስክር ወረቀት ስለላኩልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ልጆቹ ግን «መምህር፣ ሳጥኑ የምን ጾም ይዞ ነው? መቼ ይገድፋል?» ይሉኛል።

3. አሁን ደግሞ ታብሌቶቹ «አገልግሎት ላይ ስላልዋሉ» ውስጣቸው ያለው ሁሉ ተጠርጎ ለሌላ ትምህርት ቤት እንዲሰጡ ሐሳብ መቅረቡን ሰማሁ። ያልዋሉት ማኅተምዎን ስላከበርን መሆኑን ለማስታወስ አልደፍርም።

አቶ ገበያው በኅዳር ዐርፈዋል። ፎቶግራፍ አልነበራቸውም፤ ድምፃቸውም ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ንግሥቲ በዕረፍት ሰዓት ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ቆሎዋን ትበላለች፤ ደወል ሲደወል ትነሣለች። ይህን የማየው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለእርስዎ ማካፈል ተገቢ መሰለኝ። ታብሌቶቹን ይውሰዱ፤ ከመጠረጋቸው በፊት ግን ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲከፈቱልን በትሕትና እለምናለሁ።

እንደ ንብረትዎ ሁሉ ያልተነካ አክብሮት ያለኝ፣
መምህር እንዳልካቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው ስለ ታብሌቶቹ ለሚያደርገው ስብሰባ ንግሥቲን ይዤ እመጣለሁ። በሩ ለእንግዳ ዝግ ከሆነ አስቀድመው ያስታውቁን፤ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፣ የተዘጋ ነገር ለማየት ደግሞ ወረታ ድረስ መድከም አያስፈልገንም። ኮሚቴው የሚወስነው ታኅሣሥ 23 ቀን ነው ተብሏል።