የጎደለችው «አዎ»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ሰሞኑን ለተቀየምኩሽ የወንድሜ ልጅ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ከወገቤና ከአባትሽ በቀር የሚያመኝ የለም። ለወገቤ መድኃኒት ተሰጥቶኛል። የምጽፍልሽ ስለ ሁለተኛው ነው።

ትተሽልን የሄድሽው የሃይማኖት ፍልስፍና ጥናት ቡድን አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ እዚሁ ራዲዮ መጠገኛዬ ውስጥ ይሰበሰባል። ነርሷ አለች፤ «ጠበቃው» የምንለው አናጢም አለ። ከክረምቱ ወዲህ ደግሞ አባትሽ መጣብን። በር ላይ ቆሞ «ልጄን ያሳበዳት ምን እንደሆነ ልይ» ሲል፣ «ያንተው ዘር ነዋ፣ ግባና ተቀመጥ» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው።

መከራችን የጀመረው ያንቺን ጽሑፍ ስናነብ ነው። ያንኑ፣ «የሚወደን አምላክ ካለ ከልቡ ከሚፈልገው ሰው ለምን ይሸሸጋል?» የምትይበትን፤ ያነበብሽለት ቀን አባትሽ ከገበታ የተነሣበትን። ከዚያ ወዲህ ሳትነጋገሩ ሁለት ዓመት ሊሞላችሁ ነው።

ቡድኑ ደግሞ ያንቺው ሕግ አለው፦ የሰው ሐሳብ ከመቃወምሽ በፊት፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ በራስሽ አንደበት ተናገሪለት። ሕጉን ስታወጪ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ቢሆንስ ብለሽ አላሰብሽም። አባትሽ ይህችን ይዞ አራት ሐሙስ ሙሉ አላላውስ አለን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ «እግዚአብሔር የለም ነው የምትለው» ብሎ ቁጭ አለ።

ነርሷ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ፈልጌ አጣሁት ነው እንጂ የለም መች አለች?» አለችው።

ወረቀትሽን ቤቱ ወሰደው። አባባሉ በየሳምንቱ እየተሻለ መጣ። ባለፈው ሐሙስ መነጽሩን አድርጎ እንዲህ አለ፦ «አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ አባቷን ትጠብቃለች። አባትየው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያታል፣ ግን አይጠራትም። ዘበኛው ‹አባትሽ ይወድሻል› ቢላት እንዴት ትመነው? ነው የምትለው።»

ጠበቃው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቃ ጋሼ፣ ይኸው ነው። አሁን ወደ መልሱ እንለፍ» አለው።

«አንተ ማን ሆነህ ነው በቃ የምትለኝ? ባለቤቷ ትበል።»

«እሷ እኮ የለችም።»

«እጠብቃታለኋ።»

«ስልክ ይዘሃል አይደል?» አልኩት እኔ። «ደውልና ጠይቃት።»

«ሕጉ ደውል አይልም» አለኝ።

ጠበቃው መልሱን እንኳ እንዲያሰማን ቢለምነው፣ «መልስ አላዘጋጀሁም» ብሎ ወረቀትሽን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እንግዲህ አራት ሐሙስ ያገተን መልስ የሌለው ሰው ነው። እኔ ፍልስፍናን ከአሮጌ መጻሕፍት የለቃቀምኩ ሰው ነኝ፤ ለእንዲህ ያለው የሚሆን ምዕራፍ ግን አላገኘሁም።

ስለዚህ እባክሽ፣ ለቡድኑ ስትይ፣ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደውይ። በኔ ስልክ ከሆነ አላነሣም፤ በእሱ ደውይ። «አዎ» በይው። «አይደለም» ብትይውም ግድ የለም፣ ደግሞ ይሞክራል። ነርሷንና ጠበቃውን ሰበብ ፈልጌ ደጅ አቆያቸዋለሁ።

ብታምኚም ባታምኚም ምርቃቴን አትመልሺብኝ፦ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የፈለግሽው ያግኝሽ፣ የፈለገሽም አይጣሽ።

ትዕግሥቱ ያለቀበት አጎትሽ