በእሳቱ ሰ

አሶሳ፣ ማክሰኞ

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? ደም ግፊትህስ? አዲሷ ሚስትህ ጨው ላይ እጇ ከበድ ይላል ሲሉ ሰምቼ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፣ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ለአንተ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ?

ያን ቀን ለአሠሪያችን ለሐጂ ዐወድ የደወልክላቸውን አልረሳሁትም። መስመሩ አይሰማም ነበርና ያልከውን ሁሉ እየጮኹ ሲደግሙት ቢሮው በሙሉ ሰማ። "ምን? ኮምፒውተር ከመጣ ሴትዮዋ ለምን ይቀለባል?" ስልኩን ዘግተው አዩኝ። ሐጂ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት፤ "ባልህ ነበር አይደል?" አሉኝ። ነበር አልኳቸው። "እንኳን ነበር ሆነ" ብለው ሳቁ።

አላባረሩኝም። ፕሮግራሙን ከጻፈው የነቀምቴ ባለሙያ፣ ከዋቅሹማ አጠገብ አስቀመጡኝ። ድሮ የሱቆቹን ሽያጭ በካልኩሌተር ደምሬ፣ በታይፕ መትቼ፣ ሪፖርቱ እስኪወጣ ወሩ ያልቅ ነበር። አሁን ከየሱቁ የመጣውን ፍሎፒ ዲስክ ኮምፒውተሩ ውስጥ እከታለሁ፣ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፤ ማን ምን እንደሸጠ፣ የቱ ዕቃ እንደቆመ ራሱ ደምሮ፣ ሥዕል ሠርቶ ያትመዋል። ሐጂ ያን ወረቀት ይዘው አዲሶቹ የክልል ቢሮዎች ሲገቡ ቁመታቸው ይጨምራል።

የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ ታዲያ አንተ የምትመራው የባምባሲ ሱቅ ባዶ። የድባጤው ሱቅ አለ፣ የማንኩሹ አለ። ያንተ ዕቃ ከመጋዘን ወጥቷል፣ ሽያጭ የለም። ሐጂ "ይሄ ማሽን ዘመድ የለውም፣ ውሸት አታውቅም። ሰውዬው በልቶታል" አሉ። ሐሙስ ጠዋት ለፖሊስ ሊያመለክቱ ነው። እንዳትሰማ ተብሎ ሁሉም አፉን ይዟል።

ዋቅሹማ ፍሎፒህን ከፍቶ ሲያይ ሳቀ። "እትዬ፣ ሰውዬው ባምባሢ ብሎ በንጉሡ ሠ ነው የጻፈው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው በእሳቱ ሰ ነው። ለማሽኑ ሌላ አገር ሆኖበት ዘሎታል።"

እኔም ሳቅኩ፤ ወንበሩ ላይ መቀመጥ እስኪያቅተኝ። በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ማይም ነው ስትለኝ አልነበር? አባቴ ያወጣልኝን ስም እንኳ በሠርጋችን ወረቀት ላይ ሰርዘህ በንጉሡ ያስጻፍከው አንተ ነህ። "አሥራ ሁለተኛ ጨርሳ ስሟን መጻፍ አታውቅም" እያልክ፣ ያውም በእንግዳ ፊት። ይኸው፣ ንጉሥህ አገርህን አጠፋብህ።

ዋቅሹማ "ፕሮግራሙን ሁለቱን ሰ አንድ አድርገህ ቁጠር እለዋለሁ፤ ሁለት መስመር ቢጨመር ነው። ለሐጂም እንንገራቸው" አለኝ። "ቆይ፣ ባምባሢ ብሎ የጻፈው ሰው ራሱ ያርመው፤ ለእሱ እኔ አስታውቃለሁ" አልኩት። አምኖኝ ዛሬ ጠዋት ወደ ነቀምቴ ተመለሰ።

ቃሌን አከበርኩ፣ ይኸው ጻፍኩልህ። ከሐሙስ በፊት ስሙን በእሳቱ ሰ አርመህ ፍሎፒውን ይዘህ ብቅ በል። ያኔ ማሽኑም ያውቅሃል፣ ሐጂም ይቅርታ ይሉሃል።

ይህን ስጽፍ የባምባሲው መኪና በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ሹፌሩ ሱለይማን "ደብዳቤ ካለሽ አምጪ፣ ከሰዓት እጁ ላይ ነው" ይለኛል። ሂድ አልኩት። እኛ አሁን የክልል ዋና ከተማ ሰዎች ነን፤ በቴምብር ነው የምንልከው። ፖስታው የሚወጣው ዓርብ ነው።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ልብህን ያርጋልህ። ጨው ቀንስ።

የቀድሞ ሚስትህ፣
ሰናይት፣ በእሳቱ