ክንድ ከዛለ በኋላ ያለው ዘመን

ግራኜ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ነው። በዚህ ስም ስጠራህ ለሌላው ሰው ስድብ ይመስለው ነበር፤ አንተ ግን ኮራ ብለህ «ወይ» ትለኝ ነበር። አሁን ቤት ውስጥ እንዲህ ብዬ የምጠራው የለኝም፤ እዚሁ ወረቀት ላይ ልጥራህ።

ሰፈራችን ሁስቢ እንዳለ ነው። ምድር ቤት ያለችው የልብስ ማጠቢያ፣ ትቬትስቱጋ፣ ተራ የምይዘው አሁን እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ያንተን ልብስ ጭምር የማጥብ ይመስል ሁለት ማሽን ይዤ አንዱ ባዶውን ይቀር ነበር። ወንበርህ ከመስኮቱ ሥር ነው። ልጃችን ሳራ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶደርማልም ትመጣለች፤ እሷም አትቀመጥበት፣ እኔም አልቀመጥበት። ናፍቀኸኛል። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ዛሬ እንድጽፍልህ ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሚመጣው እሑድ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያህ ይደረጋል። ሳራ በቀብርህ ቀን የተነበበውን የሕይወት ታሪክህን ደግመን እናንብበው ትላለች። በደንብ ተጽፏል፣ አልዋሽህም። ነቀምት መወለድህ፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ፣ ለትምህርት ስዊድን መምጣትህ፣ ሺስታ መሐንዲስ ሆነህ የሠራኸው ሁሉ አለበት። መጨረሻው ላይ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይላል፤ በቃ። ስትሮክ ግራ ጎንህን ከመታህ በኋላ አብረን የኖርነው ዘመን በሙሉ ይህችው ናት። ያን ቀን ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ሰው ሐዘን መስሎት ደገፈኝ፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበር።

ያ የምትወደው ሰውዬ ነው ትዝ ያለኝ፣ ቤዝቦል ተጫዋቹ። በልጅነትህ በግራ እጅህ ስትበላ እናትህ እጅህን በጨርቅ ያስሩህ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ድንጋይ ስትወረውር አየህና ስለዚያ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ሰጠህ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ እንዳንተው ግራኝ። ሥራው ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው ሰው ኳስ መወርወር ነበር። ኳሷ ልትደርስ ስትል ትታጠፍና ባለዱላው አየር መትቶ ይቀራል። ባርኔጣ ያደረገ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶ በዚያ ግራ እጅ ያብድ ነበር። «እዚያ አገር ለግራ እጅ ደመወዝ ይከፈላል» ብለህ እናትህን ተከራከርካቸው፤ አላመኑህም።

ሰውዬው የነገሠው ጥቂት በጋ ብቻ ነው። ክንዱን ሲያመው ደበቀ፤ በዘይት እያሹለት ወረወረ፤ በመጨረሻ ፀጉሩን ማበጠር ሲያቅተው በባቡር ወደ መንደሩ ሸኙት። መጽሐፉ ከዚያ ወዲያ ያለው «በአናጺነት ሲሠራ ኖሮ በእርጅና ሞተ» ብቻ ነው።

ድሮ ለሳራ ስታወራላት ባቡሩ ጋ ስትደርስ ታቆም ነበር። ግራ ጎንህ ከተመታ ወዲህ ግን ያችን መስመር አልለቅ አልክ። «ሰውዬው እኮ ኖሯል» ትለኝ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ የዘለለውን ዕድሜ እኛው በጨዋታ ኖርንለት። ዛሬ ምን ሲሠራ ዋለ ትለኛለህ፤ የጎረቤት በር አስተካከለ እልሃለሁ። አንተ ደግሞ ከሚስቱ ጋር ታጣላዋለህ፤ እሱ መስኮቱ ይከፈት ሲል እሷ በረደኝ ትላለች። ምን ዓይነት ኩርፈኛ አደረግሃት! ማንን እያልክ እንደነበር ጠፍቶኝ አይደለም።

በቀኝ እጅህ ማንኪያ መያዝ ስትለማመድ «ይኸው እናቴ አሸነፈች» ብለህ ሳቅህ፣ ሳቅህ፣ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብህ። እኔም አብሬህ አለቀስኩ። ከባድ ዘመን ነበር፤ አላሳምረውም። ግን በትዳራችን ያን ያህል ተጫውተን አናውቅም። ሺስታ ስትሠራ ደክሞህ ትመጣና እራትህን በልተህ ትተኛለህ፤ የት አገኝህ ነበር?

ይህን ለሳራ ነገርኳት። ነገር ሲከብዳት እንደሚሆነው በስዊድንኛ መለሰችልኝ፤ አባቢን ሰው በድካሙ እንዲያስታውሰው አልፈልግም አለች። አልተቀየምኳትም፤ ለክብርህ ሳስታ ነው። እኔ ግን ዝም ካልኩ ያ ዘመን ከእኔ ጋር ተቀብሮ ይቀራል፤ ከኔ በቀር ያየው የለምና። ይኸው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ወስኛለሁ። ሳራ ወረቀቱን ታንብብ፤ ስትጨርስ እኔ እነሳለሁ። ሕይወቴን ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም፤ ስላንተ ግን እናገራለሁ። ስለዚያች እሑድ ጧት እነግራቸዋለሁ፤ ሸሚዝህን ልቆልፍልህ ስል «ተዪኝ» ብለህ፣ ሻይህ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በአንድ እጅህ ከቁልፎቹ ጋር ስለታገልክባት ጧት። በመጨረሻ ሁሉንም ቆለፍካቸው፣ ግን አንድ ቀዳዳ ዘለህ ኖሮ ኮሌታህ ተጣሞ ቀረ። ደስታህን አየሁና ምንም አላልኩህም። እንደዚያው ሆነህ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባና፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ከፊት ተቀምጠህ ዘመርክ። ማንም ልብ አላለህም። እኔ ግን ዐይኔ አንተው ላይ ነበር፤ አንተ ወዳለህበት እስክመጣ ድረስም አልረሳውም።

ያንተው፣ ኩርፈኛ የምትለኝ፣
ባለቤትህ