ሳልጠይቅ ያሽከረከርኩት ጎማ

ይድረስ ኮሪያ ላለችው ልጄ ለሸልቢ። እግዚአብሔር ጤና ይስጥሽ፣ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ከማታ ተማሪዎች አንደኛ ነኝ፤ ሌሎቹ ይህን ባያምኑም።

አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ጋ ሂድ ብለውም አይሰማኝም። በረዶው ዘንድሮ መልካም ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጎማ ተቀምጦ በረዶው ላይ ሊንሸራተት ወደ ሥራ ቦታዬ ሰው ይጎርፋል።

ሸርተቴው አናት ላይ ቆሜ ሰው የተቀመጠበትን ጎማ ቁልቁል ከመግፋቴ በፊት «እያዞርኩ ላሽከርክራችሁ ወይስ በቀጥታ ልልቀቃችሁ?» ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲትን እናትና ልጇን ሳልጠይቅ አሽከረከርኳቸው። ልጁ ታች ሲደርስ አስመለሰው። እናቱ ቅሬታዋን ጽፋ የአስተያየት ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ያንን ሳጥን ለአለቃችን ለዌንደል የማደርሰው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሳላነብ አድርሻለሁ። ዘንድሮ ግን አነበብኩ። «አናት ላይ ያለችው አሮጊት ልጄን አሳመመችው፤ ደግሞ ትስቃለች» ይላል።

ወረቀቱን ወሰድኩና ዌንደል ፊት ቆሜ አንድ ቃል ሳልሳሳት አነበብኩለት።

«ምነው ኦፓል፣ ቀደሽ ብትጥዪው ማን ያይሽ ነበር?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ፊደል የቆጠርኩት ስለ እኔ የተጻፈውን ልቀድ ነው እንዴ?» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን ከአናት አወረደኝ። አሁን ታች ሆኜ ጎማ እሰበስባለሁ፤ ያም ቢሆን እንደኔ የሚሰበስብ የለም። አናቱ ግን ይናፍቀኛል።

አንቺ በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ብቻ ትያለሽ። እባክሽ ልጄ፣ ጻፊልኝ፤ ክፉ ክፉውንም ቢሆን። ምንም ቢሆን አነበዋለሁ። ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናው።

እናትሽ ኦፓል